ሒሳብ ማወቅና ሒሳብ ማስተማር



ከእኛ ከኢንጂነሪንግ ተማሪዎች መካከል «ሥራ ከጠፋ ሒሳብ እናስተምራለን» የምንል ጥቂት አይደለንም። መምህርነት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በአገራችን ለሁለተኛ ደረጃ የተለመደው መንገድ በሒሳብ ዲግሪ ከያዙ በኋላ ፒጂዲቲ የሚባለውን የመምህርነት ዲፕሎማ መማር ነው፤ ትምህርት ቤት ገብቶ መለማመድም አለበት።

ዲግሪው ለምን አይበቃም? በመድረሳ የተማርነውን ፈራኢድ እንውሰድ። አንድ ሰው ሞቶ ሚስት፣ እናትና አንድ ወንድ ልጅ ቢተው ለሚስት 1/8፣ ለእናት 1/6 ይደርሳል። ተማሪው ሁለቱን ደምሮ 2/14 ቢል እኛ «ተሳስተሃል፣ 7/24 ነው» ብለን እናልፋለን። የሠለጠነ መምህር ግን «2/14 ማለት 1/7 ነው፤ ከእናትየዋ ድርሻ ብቻ እንኳ ያንሳል። ተደምሮ እንዴት አነሰ?» ይለዋል። ልጁ ስህተቱን ራሱ ያየዋል። ከዚያ በኋላ ነው ንብረቱን 24 ቦታ መክፈል የሚመጣው፦ 3 ለሚስት፣ 4 ለእናት፣ ቀሪው 17 ለልጅ። (በመንግሥት ትምህርት ቤት ምሳሌው ዳቦ ይሁን፤ ክፍሉ የሁሉም ነው።)

በተጨናነቀ የከተማ ክፍል የሁሉንም ደብተር ማየት ስለማይቻል እንዲህ ያሉ የተለመዱ ስህተቶችን ቀድሞ ማወቅ ግድ ይላል። ሙያውን የምናስብ ካለን ለፍሬሽ ወንድምና እህቶቻችን ካልኩለስ ስናስረዳ፣ መልሱን ከመናገራችን በፊት «እንዴት አሰባችሁት?» ብለን እንጀምር።