የዬል ዩኒቨርሲቲና ሁለት የእስያ ምሁራን

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በአሜሪካ የሚገኘው ዬል ዩኒቨርሲቲ ከእስያ ጋር ያለውን የቆየ ግንኙነት በሁለት ምሁራን ሕይወት መነሻነት ማሳየት ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። የዩኒቨርሲቲዎች ግንኙነት ሲነሣ ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን የስምምነት ፊርማ ነው። እኔ ግን የሥነ ጽሑፍ መምህር እንደመሆኔ ግንኙነትን የሚያጸናው መጽሐፍና አንባቢው ነው እላለሁ።

የመጀመሪያው ምሁር ቻይናዊው ዩንግ ዊንግ ናቸው። በ1854 ከዬል ሲመረቁ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በመመረቅ የመጀመሪያው ቻይናዊ ሆኑ። አገራቸው ወጣቶቿን ለትምህርት እንድትልክ ለዓመታት ከወተወቱ በኋላ፣ ከ1872 ጀምሮ 120 ልጆች በአራት ዙር ወደ አሜሪካ ተላኩ። ይሁን እንጂ ልጆቹ ባህላቸውን እየረሱ ነው የሚል ስጋት ስለበረታ መንግሥት በ1881 መልሶ ጠራቸው። ዩንግ ዊንግ በ1852 ያገኙት የአሜሪካ ዜግነትም በ1898 ተሰረዘባቸው። በ1878 ለዬል የሰጧቸው ከ1,200 በላይ የቻይንኛ ጥራዞች ግን የዩኒቨርሲቲው የምሥራቅ እስያ ስብስብ መሠረት ሆኑ።

ሁለተኛው ጃፓናዊው የታሪክ ሊቅ አሳካዋ ካንኢቺ ናቸው። በ1902 ከዬል የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ፣ በ1906 ወደ ጃፓን ተመልሰው ለዬልና ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጥራዞች ሰበሰቡ። ከ1907 ጀምሮም በዬል እያስተማሩ ስብስቡን በኃላፊነት ያዙ። በ1909 ባሳተሙት መጽሐፍ ጃፓን በማንቹሪያ የምትከተለው ፖሊሲ ከአሜሪካ ጋር ወደ ጦርነት ሊያደርሳት እንደሚችል አስጠነቀቁ። በ1941 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት ይልኩት ዘንድ የሰላም ደብዳቤ አረቀቁ። ጦርነቱ ግን አልቀረም። አሳካዋም በአሜሪካ እንዳሉ በ1948 ዐረፉ።

ከዚህ በላይ እንደተመለከትነው፣ የአንዱ ዕቅድ ተቋረጠ፤ የሌላው ምክር ሰሚ አጣ። መንግሥታት ሲጣሉ ያልተበተነው በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ነው። ስለዚህ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ውል ስንዋዋል፣ «መጻሕፍቱን ማን ይሰበስባል? ማን ይጠብቃል? ማንስ ያነባል?» ብለን አስቀድመን ብንጠይቅ የሚበጅ ይመስለኛል።