ተጨማሪ መረጃ፦ በእትብት የገባ ቱቦና የሚረጋ ደም

ያለጊዜው ለተወለደ ጨቅላ መድኃኒትና ፈሳሽ ለመስጠት ነርሷ መጀመሪያ የምትፈልገው የእጅ ወይም የራስ ቅል ደም ሥር ነው። ያ እንቢ ሲል፣ ባለሙያና መሣሪያ ባለበት ሆስፒታል፣ ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) በእትብቱ ደም ሥር በኩል እስከ ልብ አጠገብ ይገባል፤ ይህ መንገድ ከተወለደ በኋላ ጥቂት ቀናት ክፍት ነውና።

ደም የመርጋት ችግር የሚመጣው ከቱቦው ነው። ጠባቡን ደም ሥር ይሞላል፣ ፍሰቱን ያዘገያል፣ ግድግዳውንም ይፍቃል። በዚያ ላይ መርጋትን የሚገታው አንቲትሮምቢን በጨቅላው ደም ውስጥ ከአዋቂው ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። ኢንፌክሽንና የፈሳሽ እጥረት ከተጨመሩበት አደጋው ይብሳል። በጨቅሎች ደም መላሽ ሥር ውስጥ የሚታየው መርጋት በአብዛኛው ከካቴተር ጋር የተያያዘ ነው። ርካሹ መከላከያ የቱቦው ጫፍ የት እንዳረፈ በራጅ ማየትና ሥራው እንዳለቀ ወዲያው ማውጣት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ይዘነጋል።

መርጋቱ ብዙውን ጊዜ ምልክት አያሳይም። እግር ካበጠ ወይም ከጠቆረ፣ ቱቦው ፈሳሽ አላሳልፍ ካለ፣ ፕሌትሌት ከቀነሰ ይጠረጠራል፤ የሚያረጋግጠውም ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው። ምርመራው በማይገኝበት ጊዜ ጨቅላው ወደሚገኝበት ይላካል፤ ለምሳሌ ከእንጅባራና ከዳንግላ ከተሞች የሚቀርበው የሪፈር ከተማ ባሕር ዳር ነው፤ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች እዚያ ናቸው። ከእንጅባራ መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መርጋትን የሚገታው መድኃኒት ሄፓሪን የሚጀመረውም ጭንቅላት ውስጥ ደም አለመፍሰሱ ከታየ በኋላ ነው።