የሥራ ናሙናችሁን ማን ያየዋል? ለክርስቲያን ዲዛይነሮች



ቢሾፍቱ የሐይቆች ከተማ ናት። በባቦጋያ፣ በኩሪፍቱና በሌሎቹም ሐይቆች ዳርቻ ያሉት ሆቴሎችና ሪዞርቶች ለብዙ ወጣቶች የሥራ በር ከፍተዋል። ከእነዚህም መካከል በኮምፒውተር ፖስተር፣ ብሮሹርና ባነር የሚሠሩ የቤተ ክርስቲያን ልጆች አሉ። ለኮንፈረንስ ባነር ያዘጋጀ እጅ በማግስቱ የመዋኛ ገንዳ፣ የማሳጅ ወይም የምሽት ክበብ ማስታወቂያ ሊሠራ ይችላል። እንግዲህ ይህ ወጣት ሥራ ለማግኘት ሲል ያለፉ ሥራዎቹን ሰብስቦ ኢንተርኔት ላይ ሲያወጣ፣ ለአዋቂ እንጂ ለልጅ የማይሆነውን ምን ያድርገው?

በመጀመሪያ እንለይ። የሰው አካል የሚታይበት ሥራ ሁሉ ርኩስ አይደለም። ስለ ወሊድ፣ ስለ ጡት ካንሰር ወይም ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ጉዳት የሚያስተምር ሥዕል ሕይወት ያድናል። ኤች አይ ቪ ብዙዎችን በቀጠፈባቸው ዓመታት ስለ ኮንዶም የሚናገሩ ፖስተሮችም ነበሩ፤ እኛ አማኞች ብንከራከርባቸውም ዓላማቸው በሽታውን መከላከል ነበር። በሌላ በኩል፣ ከሚሸጠው ነገር ጋር ምንም የማይገናኝ የሴት ገላ አራቁቶ ገበያ የሚጠራ ፖስተር አለ። ይህን ግን፣ ቀለሙና ፊደሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ክርስቲያን በናሙናነት ባያወጣው ይሻላል ባይ ነኝ። ያው ችሎታ በሌላ ሥራ ይታያል።

ተገቢ ሆኖ ከበድ ያለውስ? ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 8 ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ሲጽፍ የሚበላውን ሰው ነፃነት አልካደም፤ ያሳሰበው ቆሞ የሚያየው ደካማ ወንድም ነው። የእናንተንም ገጽ የሚከፍተው የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ብቻ አይደለም። የእናቱን ስልክ ይዞ የሚጫወት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅም ይከፍተዋል።

ስለዚህ በር አብጁለት። አዶቢ በ2012 እ.ኤ.አ. የገዛው ቢሃንስም ሆነ ዴቪያንትአርት፣ ሥራው ለአዋቂዎች ብቻ የሚሆን ይዘት እንዳለው ባለቤቱ ምልክት እንዲያደርግበት ያስችላሉ። ምልክቱን አድርጉ። ሽፋን የምትሆነውን ትንሿን ምስል ግን አትርሱ፤ ከሥራው ውስጥ ርእሱን ወይም አርማውን ብቻ ቆርጣችሁ አስቀምጡባት። የራሳችሁ ድረ ገጽ ካላችሁ በይለፍ ቃል የሚከፈት ገጽ አዘጋጁ። በቴሌግራም ቻናል ግን አታውጡት፤ አንዴ ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈ መልሶ መሰብሰብ የለም። ከሁሉ የሚቀለው በፒዲኤፍ አስቀምጦ ለጠየቀ ብቻ መላክ ነው፤ ሰውየው ፋይሉን ከመክፈቱ በፊት ምን እንደሚያይ የሚነግር አንድ መስመር ጨምሩበት።

ብዙዎች የማያስቡት አንድ ነገር አለ። ለማሳጅ ብሮሹር ፎቶ የተነሣችው እኅት ፈቃድ የሰጠችው ለብሮሹሩ ነው እንጂ ለእናንተ ገጽ አይደለም። ዛሬ አግብታ ይሆናል፣ ወደ ጌታም መጥታ ይሆናል። ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕራቁትነት ላለማየት ወደ ኋላ እየሄዱ ሸፈኑት (ዘፍጥረት 9)፤ እኛ ግን የሰው ገመና ከሥራ ልምድ ማስረጃ ጋር ስንለጥፍ አይሰማንም። ደውሉላት፣ ጠይቋት። እንቢ ካለች ወይም ካላገኛችኋት ፎቶውን አውጥታችሁ ባዶውን የገጽ አቀማመጥ አሳዩ፤ የዲዛይን ሥራችሁ እርሱ ነውና። አሠሪውንም አስፈቅዱ። ከሕክምና ትምህርት የተወሰደ የሕፃናት ገላ ፎቶ ከሆነ ግን በምንም በር ጀርባ አታስቀምጡት። ልጆችን የሚመለከት የወሲብ ምስል ማሰራጨት ደግሞ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

የቢራ ማስታወቂያስ? አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅን ከልክሏል፤ የድሮ ሥራን በናሙና ማሳየት ግን የኅሊና ጉዳይ ነው፤ ሮሜ 14ን አንብባችሁ ወስኑ።

አለማሳየት መዋሸት አይደለም። ነገር ግን ቀጣሪው "ለምሽት ክበብ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ?" ብሎ ቢጠይቅና ሠርታችሁ ከሆነ፣ "አዎን፣ ናሙናውን ግን ገጼ ላይ አላወጣሁትም" በሉት። ለምን ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ምክንያቱን ንገሩት።