ሚዛን የማይለየውን በሜትር መገመት

ሚዛን ላይ ስንወጣ የምናነበው ቁጥር የስብ፣ የጡንቻ፣ የአጥንትና የውሃ ድምር ነው። ስቡን ነጥሎ የሚያሳይ የራጅ መሣሪያ ቢኖርም ውድ ነው፤ ለግምት ያህል ግን የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል።

በጤና ተቋማት የተለመደው ስሌት ክብደትን በኪሎ ወስዶ በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቱ 78 ኪሎ የሆነ ሰው 27 ያገኛል። በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ለአዋቂ ሰው ከ18.5 በታች የክብደት ማነስ፣ ከ25 ጀምሮ የክብደት መብዛት፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ውፍረት ነው። ሆኖም ቤልጂየማዊው አዶልፍ ኬትሌ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ስሌት ያፈለቀው የሕዝብን አማካይ ቁመና ሲያጠና እንጂ የአንድን ሰው ጤና ሊመረምር አልነበረም። ጡንቻው የዳበረ ወዛደርና ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ጸሐፊ እኩል 27 ሊያገኙ ይችላሉ።

ሁለቱን የሚለያቸው ወገባቸው ነው። ሆድ ውስጥ ጉበትንና አንጀትን ከቦ የሚከማች ስብ ከስኳር፣ ከደም ግፊትና ከልብ በሽታ ጋር በእጅጉ የተያያዘ ነው። ሲለኩ በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መካከል ሜትሩን ሳያጠብቁ ያዙሩት። እንደወትሮው ተንፍሰው፣ ሆድዎን ወደ ውስጥ ሳይስቡ ያንብቡ። የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ ማነስ አለበት፤ ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ከ85 በታች ማለት ነው።

የስብን ድርሻ በመቶኛ ማወቅ ለሚሻ፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሚታወቅበት ስሌት አለ። ለወንድ ቁመት፣ አንገትና ወገብ ይለካል፤ ለሴት ዳሌም ይጨመራል። ወገብ ከአንገት ይበልጥ በሰፋ ቁጥር ግምቱ ከፍ ይላል። ስሕተቱ ግን እስከ 4 ነጥብ ገደማ ስለሚደርስ፣ 20 በመቶ ያገኘ ሰው እውነተኛው ድርሻው 16 ወይም 24 ሊሆን ይችላል።

እነዚህ መለኪያዎች ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን አይሆኑም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የላይኛውን ክንድ ዙሪያ ትለካለች፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ሕፃኑ አፋጣኝ ሕክምና ያስፈልገዋል።

አዋቂዎች ደግሞ በአንድ ቀን ልኬት አንደንግጥ፣ አንዘናጋ። በየወሩ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በዚያው ሜትር እንለካ። ወገባችን ከቁመታችን ግማሽ ካለፈ የደም ግፊታችንንና ስኳራችንን በጤና ጣቢያ እንመርመር፤ ሁለቱም ሕመም ሳይሰማን ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉና።