ምዕራፍ 6፦ ነፋስ በሚያስፈልግበት ሰዓት፤ ለኤምጂቢ የኤሌክትሪክ ፋን ስለመግጠም

የቤንዚን ሞተር ካቃጠለው ነዳጅ ወደ ጎማ የሚያደርሰው ጉልበት ሲሶ እንኳ አይሞላም። ቀሪው ሙቀት ሆኖ ከፊሉ በጭስ ማውጫው፣ ከፊሉ በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል ይወጣል። ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ ራዲያተር ይደርሳል፤ ራዲያተሩም ለነፋስ ያስረክባል። ነፋሱ ከቀረ ውሃው እንደጋለ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ በዚሁ ከቀጠለ መኪናው ይፈላል። ስለዚህ ፋን ከመግዛታችን በፊት ልንመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ሞተሩ የፋን ነፋስ የሚፈልገው መቼ ነው?

ለምሳሌ የምንወስደው በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. የተመረተውን ኤምጂቢን ነው። ባለ 1.8 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ያለው ይህ ትንሽ የስፖርት መኪና ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ብዙዎቹ ዛሬም በወዳጆቻቸው እጅ ይነዳሉ፤ ሲነደፉ ከታሰበው የከተማ መጨናነቅ ግን የዛሬው የባሰ ነው።

በቺንጊያ የሚዞረው ፋን

በቀደሙት ኤምጂቢዎች ፋኑ በውሃ ፓምፑ ላይ ታስሮ በቺንጊያ ይዞራል። ፍጥነቱም የሞተሩን ፍጥነት ይከተላል። መኪናው ወረፋ ላይ ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ፣ ማለትም ነፋስ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ፋኑ ዝግ ብሎ ይዞራል። አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲከነፍ ግን ከፊት የሚገባው ነፋስ ብቻውን ይበቃል፤ ፋኑ ያኔ ያለ ጥቅም ይሽከረከራል። ኪሳራው ቀላል አይደለም። የፋን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚፈጀው ጉልበት 8 እጥፍ ያድጋልና።

የኤሌክትሪክ ፋን ፍጥነት ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አይያያዝም። ውሃው ሲግል ይነሳል፣ ሲቀዘቅዝ ያርፋል። በ1961 የወጣው ጃጓር ኢ-ታይፕ ከመጀመሪያው በዚህ ዓይነት ፋን ነበር የሚቀዘቅዘው። ኤምጂም በ1973 ባቀረበው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞዴል ላይ ሁለት የኤሌክትሪክ ፋኖች ገጠመ፤ ለ1977 ሞዴል ደግሞ የቺንጊያውን ፋን ከባለ አራት ሲሊንደሩም ላይ አነሳ። የድሮ መኪናችንን በዚህ መንገድ ብናሻሽል ፋብሪካው ራሱ የሄደበትን መንገድ መከተላችን ነው።

አስቀድሞ ምርመራ

ፋን ነፋስ ይሰጣል እንጂ ሌላ በሽታ አይፈውስም። ስለዚህ መኪናው መቼ እንደሚሞቅ በጥሞና ይከታተሉ። ቆሞ ሲሞቅ፣ መንገድ ሲጀምር ግን ሲቀዘቅዝ የጎደለው ነፋስ ነው፤ የኤሌክትሪክ ፋን በእርግጥ ይረዳዋል። በፍጥነት ሲነዳ የሚሞቅ ከሆነ ግን ነፋስ አልጎደለውም፤ የተደፈነ ራዲያተር፣ በደንብ የማይከፍት ተርሞስታት ወይም የተዛባ የእሳት ጊዜ ይፈለግ። ውሃው የሚፈስበት ቦታ ሳይታይ እያነሰ ከሄደ ደግሞ የቴስታታው ጋስኬት ይመርመር።

የራዲያተሩ ክዳንም አይዘንጋ። ክዳኑ ግፊት አምቆ ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ ክፍት ዕቃ ውስጥ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ 10 ፒኤስአይ የሚይዝ ደህና ክዳን ግን ይህን ወደ 110 ዲግሪ ያደርሰዋል። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ባለበት መኪና ላይ፣ በተለይ በደጋ አገር፣ የትኛውም ፋን ችግሩን አይፈታም።

የኤሌክትሪኩ ሂሳብ

100 ዋት የሚፈጅ ፋን ሲሠራ 8 አምፒር ገደማ ይወስዳል፤ ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያ በጣም ይበልጣል። እስከ 1967 ድረስ በተሠሩ ኤምጂቢዎች ላይ ያለው የድሮ ዓይነት ዲናሞ ከፍተኛ አቅሙ 22 አምፒር ብቻ ነው፤ በሚኒሞ ደግሞ የሚያመነጨው ከምንም አይቆጠርም። ፋኑ የሚነሳው መኪናው ሲቆም መሆኑን እናስታውስ። በማታ፣ በወረፋ፣ የፊት መብራት በርቶ ፋኑ ሲሠራ የሚበላው ከባትሪው ነው። በከተማ ብዙ ለሚነዳ ሰው ከፋኑ በፊት ኦልተርኔተር መግጠም ይሻላል።

እነዚሁ ቀደምት መኪኖች ሌላም ጠባይ አላቸው፤ ማሳቸው ፖዘቲቭ ነው። ማለትም ከመኪናው አካል ጋር የታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው። የፋኑ ሞተር በዚህ ሁኔታ ሳይታሰብበት ከታሰረ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል። አብዛኞቹን የዛሬ ፋኖች ሁለቱን ሽቦዎች በማለዋወጥ ማስተካከል ይቻላል።

አገጣጠሙ

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ባትሪው ተፈትቶ ነው። የድሮውን ፋን የያዙት ብሎኖች የፓምፑን ፑሊም የሚያስሩ ስለሆኑ፣ ፋኑ ሲነሳ ብሎኖቹ ይረዝማሉ። አጠር ባሉ ብሎኖች ይተኩ።

ከራዲያተሩ በስተጀርባ ሆኖ ነፋስ የሚስብ ፋን ይመረጣል፤ ከፊት የሚገባውን ነፋስ ብዙም አይጋርድምና። ከኋላ ቦታ ካልተገኘ ከፊት ሆኖ የሚገፋ ይገጠማል። በራዲያተሩ ክንፎች መሃል አልፈው ፋኑን የሚያስሩ የፕላስቲክ ዘንጎች ይሸጣሉ፤ አይጠቀሙባቸው። በንዝረት ቀጫጭኖቹን የውሃ መተላለፊያዎች ፈግፍገው ይበሳሉ። በራዲያተሩ ፍሬም ብሎኖች ላይ የሚያርፍ የብረት ማቀፊያ ማሠራት ይበልጣል፤ የመኪናው አካልም ሳይበሳ ይቀራል።

ፋኑን የሚያስነሳው የሙቀት ስዊች ከሞተሩ በሚወጣው የላይኛው የውሃ ጎማ መስመር ላይ ሊገባ ይችላል። ተርሞስታቱ በ82 ዲግሪ የሚከፍት ከሆነ፣ ፋኑ በ92 ገደማ ይነሳ፣ በ87 ገደማ ይረፍ። ከተርሞስታቱ በታች ከተስተካከለ ፋኑ ዕረፍት አያገኝም።

የፋኑ ጅረት በስዊቹ ውስጥ እንዲያልፍ አይደረግም፤ ስዊቹ ይቃጠላል። በመሃል ሪሌ ይገባል። ስዊቹ በትንሽ ጅረት ሪሌውን ያዛል፤ ትልቁን ጅረት የሚያሳልፈው ሪሌው ነው። የኤምጂቢ ባትሪ ከመቀመጫው በስተኋላ ስለሚቀመጥ፣ ዋናውን ሽቦ ከሞተሪኖው የባትሪ ጫፍ ላይ መቀበል ይቀላል። ፊውዙ ከዚያው አጠገብ ይግባ፤ ሽቦው የትም ቢላጥ ከእሳት የሚያድነው እሱ ነው። ሪሌውን የሚያዘው መስመር በመኪናው ቁልፍ በኩል ይለፍ፤ ቁልፉ ሲጠፋ ፋኑም ይጥፋ። እንዲህ ሲሆን በቆመ መኪና ላይ ባትሪ አይጨርስም፤ ቁልፉን አጥፍቶ በኮፈኑ ሥር እጁን ያስገባ ሰውም ጣቱን አያጣም።

ሙከራ

መጀመሪያ አቅጣጫውን ያረጋግጡ። ፋኑ ሲዞር ወረቀት ከራዲያተሩ ፊት ሲጠጋ ሊሳብና ሊለጠፍ ይገባዋል፤ ከተገፋ ሽቦው ተገልብጧል። ቀጥሎ መኪናውን አቁመው ሞተሩን በሚኒሞ ያሠሩና የሙቀት መለኪያውን ይመልከቱ። ቀስቱ ከፍ ይላል፣ ፋኑ ይነሳል፣ ቀስቱ ይወርዳል፣ ፋኑ ያርፋል። ይህ ዑደት ደጋግሞ ከታየ ሥራው ሰምሯል። ፋኑ ከተነሳ በኋላ ጨርሶ የማያርፍ ከሆነ ግን ትልቅ ፋን ፍለጋ ገበያ አይውጡ፤ ወደ ራዲያተሩ፣ ወደ ተርሞስታቱና ወደ ክዳኑ ይመለሱ።

የፈታነውን ፋንና ብሎኖቹን ስማቸውን ጽፈን በካርቶን እናስቀምጣቸው። እንዲህ ያሉ መኪኖች ከእኛ በኋላም ባለቤት ይኖራቸዋል፤ ያ ሰው መኪናውን ፋብሪካው እንደሠራው መመለስ ቢፈልግ ሊችል ይገባዋል። ጥሩ ማሻሻያ መኪናው ዛሬ በልበ ሙሉነት እንዲነዳ የሚያደርግ፣ ነገም ሊነሳ የሚችል ነው።