ደመወዝተኛ ጸሐፊ ጊዜውን ከየት ያመጣል?

መጻፍ የሚወድ ደመወዝተኛ ብዙ ነው፤ መጻፉን ሳያቋርጥ የዘለቀው ግን ጥቂት ነው። ያቋረጠውን ሰው ምክንያቱን ቢጠይቁት «ሥራ በዛብኝ፣ ጊዜ አጣሁ» ይላል። ውሸቱን አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ደግሞ ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የመንግሥት ቢሮ ሠራተኛ በሳምንት 39 ሰዓት ይሠራል። በዚህ ላይ የታክሲ ሰልፉ፣ የመንገድ መጨናነቁ፣ እድሩ፣ ለቅሶው፣ የልጆች የቤት ሥራ ሲደመር ለብዕር የሚተርፍ ጊዜ ያለ አይመስልም።

ሆኖም ቋሚ ሥራ ይዘው ብዙ የጻፉ ሰዎች ታሪክ ሲታይ፣ ትርፍ ሰዓት የነበራቸው ሆነው አይገኙም። ያወቁበት ነገር ሌላ ነው። መጻፍ ስንል በአንድ ስም የምንጠራው በውስጡ ሦስት ሥራ አለበት፦ የሚጻፈውን ነገር መሰብሰብ፣ ረቂቁን ማውጣት፣ ከዚያም ማረም። ሦስቱ የሚፈልጉት የአእምሮ ብርታት ለየቅል ነው። መሰብሰብ ዓይንና ጆሮ እንጂ ዝምታ አይፈልግም። እርማት በቁርጥራጭ ደቂቃም ይሠራል። ያልተሸራረፈ ሰዓትና ያልደከመ ጭንቅላት የሚፈልገው ረቂቁ ብቻ ነው። ከሥራ ደክሞ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ልሥራ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ባዶ ገጽ እያየ እንቅልፍ ቢጥለው አያስደንቅም።

ከመሰብሰቡ እንጀምር። እዚህ ላይ ቋሚ ሥራ እንቅፋት ሳይሆን ትልቅ ሀብት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው በ1924 ዓ.ም. ጃፓን የሄዱት በመንግሥት ተልእኮ ነበር። ከዚያ መልስ ግን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ ነበሩ፤ ከሞቱ በኋላ የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ስለ ንግድ፣ ስለ ምርትና ስለ ቀረጥ የሚናገረው ዕቃ ሲገባና ሲወጣ በየቀኑ በሚያይ ሰው ብዕር ነው። ሁለቱም ለጽሑፋቸው ነገር ፍለጋ ከሥራቸው መሸሽ አላስፈለጋቸውም።

ሚኒስትር መሆን ግድ አይደለም። የባንክ ገንዘብ ከፋይ፣ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ የቀበሌ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የታክሲ ረዳት ቤቱ የሚውል ደራሲ የማያገኘውን ያያል። ችግሩ ያየው ነገር እስከ ማታ አብሮት አለመቆየቱ ነው። ስለዚህ እዚያው ላይ መያዝ አለበት። ትንሽ የኪስ ደብተር ይበቃል፤ ስልክ የሚመርጥም በቴሌግራም ለራሱ መልእክት ይላክ። ግን ማስታወሻው አንድ ቃል ብቻ ከሆነ ከሳምንት በኋላ ለጸሐፊውም እንቆቅልሽ ይሆናል። «ጡረታ» ብሎ መያዝ ምንም አይጠቅምም። «ጡረታ ሊቀበሉ የመጡ እናት እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ፊርማዎ አልተመሳሰለም ተባሉ» ቢባል ግን የጽሑፉ ግማሽ ተገኘ ማለት ነው። ወደ ሥራ የሚያመላልሰው መንገድም ለመሰብሰብ ይመቻል። አሜሪካዊው ገጣሚ ዋላስ ስቲቨንስ በሃርትፎርድ ከተማ የኢንሹራንስ ኩባንያ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር። መኪና አይነዳም፤ ግጥሙን የሚያወጣው በእግሩ ወደ ቢሮ ሲመላለስ ነበር። ከመገናኛ ፒያሳ በእግር የሚሄድ ሰው ዛሬ ብዙም ባይኖርም፣ ታክሲ ውስጥ የሚያልፈው ጊዜ ከስቲቨንስ መንገድ አያንስም።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል፣ ወደ ረቂቁ። ለደመወዝተኛ ጸሐፊ ከአንቶኒ ትሮሎፕ የሚበልጥ አስተማሪ አላውቅም። ይህ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1834 በፖስታ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ እስከ 1867 አገለገለ፤ በሕይወቱ ደግሞ 47 ልብ ወለዶች ጻፈ። በአገራችን አቆጣጠር ከንጋቱ 11:30 ላይ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጥና 2:30 ላይ ይነሳል። የእኛ ቢሮ የሚከፈትበት ሰዓት ማለት ነው። ለዚህም ቡና አፍልቶ የሚቀሰቅሰውን አሽከር በዓመት 5 ፓውንድ ተጨማሪ ይከፍለው ነበር፤ ለስኬቱም ከማንም ይልቅ የዚያ ሰው ውለታ እንዳለበት ጽፏል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ትናንት የጻፈውን ያነብበታል። ከዚያ ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ያወጣል። ለሥራ በባቡር ሲጓዝ እንኳ ጭኑ ላይ ሰሌዳ አድርጎ በእርሳስ ይጽፍ ነበር፤ ባለቤቱ ኋላ ትገለብጥለታለች።

250ውን ቃል ማንም ይተወው፤ እሱ የልምድ ፈረሰኛ ነበር። ልብ የሚባለው ያ ግማሽ ሰዓት ንባብ ነው። ብዙ ሰው መጻፍ የሚያቅተው ሐሳብ አጥቶ ሳይሆን፣ ትናንት የት እንደቆመ ለማስታወስ ብቻ ያለችውን ጥቂት ጊዜ ስለሚጨርስ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከመነሳትዎ በፊት የሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ስለ ምን እንደሆነ በአንድ መስመር ጽፈው ይተዉ። ነገ ሲመለሱ ከዚያው ይቀጥላሉ።

ሒሳቡም ያን ያህል አያስፈራም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 45 ደቂቃ፣ በተቀመጡ ቁጥር 200 ቃል ቢወጣ በሳምንት 600 ቃል ይሆናል። በሁለት ሳምንት 1200፣ ማለትም አንድ ደህና የመጽሔት ጽሑፍ። «በየቀኑ ሁለት ሰዓት እጽፋለሁ» ብሎ የሚነሳ ሰው በአምስተኛው ቀን ለቅሶ ይጠራዋል፤ በስድስተኛው ቀን ያፍራል፤ ከዚያ ወዲያ ጨርሶ ይተወዋል። ሳምንታዊ ልክ ከዕለታዊ ልክ የሚሻለው ለዚህ ነው፦ ማክሰኞ ያመለጠውን ቅዳሜ ከሰዓት ይመልሰዋል።

ሰዓቱ ንጋት ይሁን ሌሊት የሰው ተፈጥሮ ነው። ደራሲው ፍራንዝ ካፍካ በፕራግ በሠራተኞች የአደጋ መድን መሥሪያ ቤት ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ይሠራና፣ ከሰዓት ተኝቶ ሌሊቱን ይጽፋል። «ፍርዱ» የተባለውን አጭር ታሪክ እ.ኤ.አ. መስከረም 1912 በአንድ ሌሊት፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ጨረሰው። ይህን ታሪክ የሚያነብ ወጣት ሌሊቱን ሳይተኙ ማንጋት የጥበብ ምልክት ይመስለዋል። አይምሰለው። ካፍካ የኛን ያህል የቢሮ ሰዓት አልነበረበትም፤ ሚስትና ልጅም አልነበሩትም፤ ሦስቱም ረጃጅም ልብ ወለዶቹ ሳይጠናቀቁ ነው የቀሩት። ለባለትዳርና ለወላጅ የሚስማማው የአሜሪካዊቷ ደራሲ የቶኒ ሞሪሰን አካሄድ ነው። ሞሪሰን በራንደም ሐውስ ማተሚያ ድርጅት አርታኢ ሆና ስትሠራ ሁለት ወንዶች ልጆችን ለብቻዋ ታሳድግ ነበር። የምትጽፈው ልጆቿ ከመንቃታቸው በፊት፣ ገና ሳይነጋ ነው። የመጀመሪያ ልብ ወለዷ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲወጣ 39 ዓመቷ ነበር፤ ኖቤልን የወሰደችው በ1993 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ከቢሮ የወጣች ሴት አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ሥራ ነው የምትገባው፤ ወጡ፣ ልጁ፣ እንግዳው ይጠብቃታል። ለእሷ «በማለዳ ተነሺ» የሚለው ምክር ብቻውን ስድብ ነው። በሳምንት ሁለት ምሽት ማዕድ ቤቱንና ልጆቹን የሚረከብ ባል፣ እህት ወይም ጎረምሳ ልጅ ከሌለ ምንም ዓይነት የጊዜ አያያዝ ዘዴ አያድናትም። ይህን ስምምነት ቀኑን ለይቶ፣ በግልጽ ተነጋግሮ መያዝ ይሻላል። «ሲመቸኝ አግዝሻለሁ» የተባለ ነገር አይመችም።

ሰዓታቸው በእጃቸው ያልሆነም አሉ። አሜሪካ በሆስፒታል ወይም በነርሲንግ ሆም ሺፍት የሚሠራ ሰው በዚህ ሳምንት ቀን፣ በሚቀጥለው ሌሊት ሊገባ ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው የሰዓት ቀጠሮ ከንቱ ነው፤ «ሺፍት ከወጣሁና ከተኛሁ በኋላ፣ ስልኬን ከመክፈቴ በፊት» ዓይነት ቀጠሮ ግን ይሠራል። ኤርፖርት ተሳፋሪ የሚጠብቅ ሾፌር መኪናው ውስጥ ሆኖ ሐሳቡን በድምፅ መቅዳት ይችላል። የአንድሮይድ ስልኮች የጂቦርድ ቁልፍ ሰሌዳ አማርኛ ሲናገሩት ይጽፋል። ሥርዓተ ነጥብ አያውቅም፣ አንዳንዱን ቃልም ያበላሸዋል፤ ለረቂቅ ግን ምን ገዶት? በአረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ውላ የምታድር እህት የምትጽፈው ብዙ ጊዜ በድምፅ ነው፤ ያ ድምፅ ሳይሰረዝ ከተቀመጠ አንድ ቀን ጽሑፍ ይሆናል።

እርማቱ ብዙ አያስቸግርም። ረቂቁ አንድ ሁለት ሌሊት ይደር፤ ከዚያ በወረቀት አትሞ በሻይ ሰዓት፣ በሰልፍ ላይ፣ በታክሲ ውስጥ እርሳስ ይዞ ማንበብ ነው። ለራስ ጮክ ብሎ ማንበብ ከሁሉ ይበልጣል፤ ምላስ የሚሰናከልበት ዐረፍተ ነገር የታመመ ነው።

ከሰዓት አልፎ ዓመቱንም ማየት ያስፈልጋል። ናጊብ ማህፉዝ እ.ኤ.አ. በ1971 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የግብፅ መንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ በ1956 እና በ1957 የታተመውን የካይሮ ሦስትዮሽ ልብ ወለዱን የጻፈው በዚያው ኑሮ ነው። የዓይን ሕመም ስለነበረበት በአገሩ የሙቀት ወራት አይጽፍም፤ ይህንን አውቆ ሥራውን በቀሪዎቹ ወራት አድርጎ ደለደለው። እኛም ዘንድ ለእያንዳንዱ ሰው የጠፋ ወር አለ። ሒሳብ ክፍል የሚሠራ ሰው የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት ሰኔ ውስጥ መስመር አይጽፍም፤ መምህር በፈተና ሰሞን፣ ነጋዴ በበዓል ዋዜማ፣ ወላጅ በመስከረም የትምህርት ቤት ምዝገባ ወቅት እንዲሁ ናቸው። ጥር ደግሞ የሠርግ ነው። እነዚህን ሳምንታት ቀድሞ ከቀን መቁጠሪያው ላይ ማጥፋት ይገባል፤ ያን ጊዜ አለመጻፍ ስንፍና ሳይሆን ዕቅድ ይሆናል። ለጋዜጣ ወይም ለመጽሔት በየጊዜው ለመጻፍ ቃል የሚገባ ሰው ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት የተጠናቀቁ ጽሑፎች በእጁ ሳይኖሩ እሺ ባይል ይሻለዋል። ይህ ስንቅ መብራት የጠፋ ለት፣ ልጅ የታመመ ለት ያድናል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው የሕግ ጉዳይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው፣ ተቀጣሪ የቅጥር ሥራውን ሲያከናውን የፈጠረው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ባለቤትነቱ የአሠሪው ነው። ለመሥሪያ ቤት መጽሔት የጻፉት ጽሑፍ የእርስዎ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ሌሊት በቤትዎ የጻፉት ግጥም ከዚህ ውጭ ነው፤ ክርክር እንዳይነሳ ግን የግል ጽሑፍን በቢሮ ኮምፒውተርና በቢሮ ሰዓት አለመሥራት፣ የቅጥር ውልንም አንድ ጊዜ ረጋ ብሎ ማንበብ ይበጃል። በሥራ ላይ ያዩትን መጻፍም ወሰን አለው። የደንበኛ፣ የታካሚ፣ የተማሪ ጉዳይ ስም ቢቀየርም በዝርዝሩ ሊታወቅ ይችላል። በሥራ ላይ ያየውን በመጻፉ እጅግ የከፋ ዋጋ የከፈለው ደራሲው በዓሉ ግርማ ነው። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሆኖ ደርግ በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ያየውን መነሻ አድርጎ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉ ታገደ፣ ከሥራውም ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።

መጻፍ ደህና መሄድ ሲጀምር «ሥራዬን ልልቀቅና ሙሉ በሙሉ ልጻፍ» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። በእኔ ግምት አብዛኛው ሰው ለዚህ ይቸኩላል። የአማርኛ መጽሐፍ የቤት ኪራይ የሚሸፍንለት ደራሲ ጥቂት ነው፤ ለጽሑፉ እንጀራ ጋግር ብሎ ሸክሙን ያሸከመ ሰው ብዙም ሳይቆይ ገበያው የጠየቀውን ብቻ ይጽፋል። ትሮሎፕ ከፖስታ ቤት የለቀቀው ጡረታው ሳይደርስ ነበር፤ ግን የሚያጣውን የጡረታ ገንዘብ የሚተካ ገቢ ከጽሑፉ አጠራቅሞ እስኪጨርስ ድረስ ጠብቋል። እርስዎም መልቀቂያ ደብዳቤውን ከመጻፍዎ በፊት ይህንኑ ሒሳብ ይሥሩ።