የታሰረውን ጠየቅን፤ የተፈታውንስ?



የታሰረን ሰው መጠየቅ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። እናት ስንቅ ቋጥራ፣ ጎረቤት ልብስ አሳጥቦ፣ የሥራ ባልደረባ ከደመወዙ ቀንሶ ወደ ወህኒ ቤት ደጃፍ ሲመላለስ ኖሯል። እስረኛው ተፈትቶ ከወጣ በኋላ ግን የጠያቂው እግር ይቀራል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ስለ ተፈታው ሰው ነው።

በጎተራና በሳሪስ አድርጎ ወደ ቃሊቲ የሚወርደውን መንገድ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል። ከቃሊቲ ወህኒ ቤት ለብዙ ዓመታት ሲፈታ የኖረው ሰው ወደ ከተማው ሲመለስ፣ ሥራ ፍለጋ አስቀድሞ የሚያንኳኳው በር በሳሪስ ያለውን የፋብሪካና የጋራዥ በር ነበር። በዚያም ሦስት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል፤ መታወቂያህ የት አለ? ከወንጀል ነፃ መሆንህን የሚገልጸው ማስረጃስ? ዋስህ ማን ነው? መታወቂያው ጊዜው አልፎበታል፤ ማስረጃው አይሰጠውም፤ ዋስ ይሆነው የነበረው ዘመዱም ወይ ሞቷል፣ ወይ ሸሽቶታል። በሩ ሁሉ የተዘጋበት ሰው ወደ ቀድሞው መንገዱ ቢመለስ፣ ጥፋቱ የራሱ ቢሆንም ጉዳቱ የሁላችን ነው።

ሕጉ ይህን አልዘነጋም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ ከእስራቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመና ጠባዩ የታረመ እስረኛ በአመክሮ እንዲፈታ ይፈቅዳል፤ ከቅጣቱም በኋላ የተወሰነ ዘመን በመልካም ጠባይ የኖረ ሰው የተሻረው መብቱ እንዲመለስለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠራው ደንብም፣ እስረኛው በመፈታቱ የኅብረተሰቡ ግዴታ እንደማያበቃ ያስረዳል።

ነገር ግን ሕግ በር ይከፍታል እንጂ እጅ ይዞ አያስገባም። እጅ የሚይዘው ማኅበር ነው። በአሜሪካ በፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ1787 የተቋቋመው የእስረኞች ረዳት ማኅበር ዛሬም በሥራ ላይ ይገኛል። በአገራችንም ጀስቲስ ፎር ኦል ፕሪዝን ፌሎውሺፕ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በወህኒ ቤቶች ሲሠራ ቆይቷል።

ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች «ገንዘብ የለኝም፤ በምን ልርዳ?» ይላሉ። እንዲህ ያለው ማኅበር ግን ብዙ ጊዜ የሚቸግረው እነርሱ በየዕለቱ በጠረጴዛቸው የሚሠሩት ሥራ ነው። ማመልከቻ ማርቀቅ፣ መዝገብ መያዝ፣ ሒሳብ መመርመር፣ ጉዳዩ በየትኛው ክፍል እንደሚያልቅ ማወቅ፣ ይህ ሁሉ ለተፈታው ሰው እንጀራ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ለዚህ የሚሰጥ ሰው ብዙ ረድቷል።

ለቦርድ አባልነት የሚመረጥ ደግሞ ወንበሩን እንደ ማዕረግ ሊቆጥረው አይገባም። በየሰፈሩ የዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሆኖ ያገለገለ ሰው ሥራውን ያውቀዋል። ቦርዱ ዕቅድና በጀት ያጸድቃል፤ ሥራ አስኪያጁን ይቆጣጠራል፤ የኦዲተሩን ሪፖርት ይመረምራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113፣ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላው ገቢ ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ወስኗል። ለአናጢው መጋዝና መላጊያ ሊገዛበት የታሰበው ገንዘብ ለነዳጅና ለአበል ሲውል «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ የማይጠይቅ አባል፣ ከስብሰባው ቢቀር ይሻላል። ዘመዱ ለሥራ ሲታጭም ከውሳኔው ራሱን ማግለል አለበት።

ሁለት ነገሮች ደግሞ አይዘንጉ። አንደኛው፣ የረዳነውን ሰው የቀድሞ በደል ለሌላ አለማውራት ነው። ሁለተኛው፣ የተበደለው ወገን እንባ መኖሩን ማሰብ ነው፤ የተፈታውን መርዳት በደሉን ማቃለል አይደለምና።

በአዲስ አበባ «ዓለም በቃኝ» ይባል የነበረው ወህኒ ቤት ፈርሶ፣ በስፍራው የተሠራው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በ2004 ዓ.ም. ተመርቋል። ግንቡን ማፍረስ ተችሏል። የቀረው፣ የተፈታው ሰው በየበሩ ተገፍቶ «ዓለም በቃኝ» እንዳይል ማድረግ ነው። ይህም ሸክም ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ አበው እንዳሉት ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።